በጃናሞራ አንድ አንባቢ ያገኘሁበት ጉዞ

ከጃናሞራ ከተመለስሁ ወዲህ ጎረቤቱ ሁሉ፣ "ኑሩ፣ ደጋው እንዴት ነበር?" ይለኛል። ብርዱን እነግራቸዋለሁ። ጭላዳ ዝንጀሮው እንደ ሰው ቁጭ ብሎ ሣር ሲነጭ መዋሉን እነግራቸዋለሁ። እዚህ ጎንደር፣ አዲስ ዓለም ሰፈር ውስጥ ከደባርቅ አልፎ የሄደ ሰው ጥቂት ስለሆነ ይህ ይበቃቸዋል። እኔን ግን አልበቃኝም፤ እንቅልፍም ነስቶኛል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቼ እጽፈዋለሁ። ጽፌ የት እንደማኖረው ገና አላሰብሁም። የቀበሌዋን ስም አልጠራም፤ መካነ ብርሃን አጠገብ ናት ማለት ይበቃል።

ሥራዬ የመሠረተ ትምህርት ተቆጣጣሪነት ነው፤ ጎልማሶች ፊደል የሚማሩባቸውን ጣቢያዎች እየዞርሁ አያለሁ። ደንቡ በዙሩ ማብቂያ አንድ ፈተና ሰጥቶ፣ ያለፈውን አለፈ፣ የወደቀውን ወደቀ ብሎ መጻፍ ነው። እኔ ይህን አልወደውም። እናቴ የወጡን ጨው የምትቀምሰው እሳት ላይ ሳለ ነው እንጂ ለእንግዳ ካቀረበች በኋላ አይደለም። ጎልማሳም ሲማር በየመሐሉ መታየት አለበት፤ የያዘው ምንድን ነው፣ ያመለጠውስ ምንድን ነው ተብሎ፣ አስተማሪው የነገውን ትምህርት በዚያ እንዲያቃና። ለዚህ ብዬ አንድ ወፍራም ደብተር አዘጋጀሁ። በእያንዳንዱ ተማሪ ስም ትይዩ የለየውንና ያልለየውን እጽፍበታለሁ። ቢሮ ውስጥ "የኑሩ ዳዊት" እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ቀልዱ አልከፋኝም፤ በደብተሬ እኮራ ነበር።

ሰኞ

ከፒያሳ የተነሣነው ጨው በጫነ ማኪና ነው። ጋቢናው ውስጥ አንድ የመቶ አለቃ ስለነበረ እኔ ከጆንያው ላይ ወጣሁ። እናቴ ስንቄን ስታቀብለኝ፣ "ምን ቢርብህ ሥጋቸውን እንዳትነካ፤ ሽሮ ሽሮውን!" ብላ ጮኸች፤ አርባ ዓመት የሞላኝ ሰው መሆኔን ረስታ። የቆመው ሁሉ ሳቀብኝ።

አምባ ጊዮርጊስ ላይ ሻይ ጠጣን። ዳባት ሳንደርስ ጎማ ፈነዳ። እስኪቀየር ድረስ ነፋሱ ሲገርፈን ቆየ። ጭነቱን መልሰው ሲያስተካክሉ አንድ የጨው ጆንያ ቦርሳዬ ላይ ወረወሩበት። ደባርቅ ደርሼ ስከፍተው ለጣቢያው የያዝሁት ጠመኔ ሁሉ ዱቄት ሆኗል፤ ሸሚዜም ሊጥ የነካው መስሏል።

ደባርቅ ውስጥ ጠመኔ የለም። ያደርሁት አባቴን በሚያውቅ ጨርቅ ነጋዴ ቤት ነው፤ እንደኛው እስላም ስለሆነ እራቱን ያለ ሥጋት በላሁ። ቤቱ ከእኛ ቤት የሚለየው በብርዱ ብቻ ነው። ችግሬን ባጫውተው ከሱቁ ባዶ የጫማ ካርቶን አመጣልኝና፣ "ቁረጠውና ጻፍበት፤ ጠመኔ ይጠፋል፣ ካርቶን አይጠፋም" አለኝ። እኔም ቆራርጬ በእያንዳንዱ ላይ አንድ አንድ ቃል በቀለም ጻፍሁበት፤ ላም፣ በሬ፣ ገብስ፣ ውኃ፣ ቤት እያልሁ እስከ አርባ። ስጽፍ አንድ ብልሃት መጣልኝ። ሁለት ሁለቱን ጎን ለጎን ይዤ፣ "ከነዚህ 'በሬ' የሚለው የትኛው ነው?" ብዬ ብጠይቅ፣ መናገር የሚያፍር ሰው እንኳ በጣቱ ይመልስልኛል። ጠመኔው የተሰበረው ለበጎ ነው ብዬ አላህን አመሰገንሁ። ይህን ምስጋናዬን ሳስበው አሁንም ያመኛል።

ማክሰኞና ረቡዕ

ከደባርቅ ወዲያ በበቅሎ ነው። በቅሎዋን የሚነዳልኝ አያ ቢያድግ የሚባል ሽማግሌ ነበር። እኔ አቀበት ብዬ የማውቀው የቁስቋምን ዳገት ነው። ይህን ለአያ ቢያድግ ብነግረው፣ "እሱስ ለምሳ መፍጫ ነው" አለኝ።

የማክሰኞን ማታ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ቤት አደርን። ከበጎቿ ጋር ነው የምትኖረው። ያላትን አንድ ደበሎ ለእኔ አልብሳ ራሷ ከበጎቹ መሐል ተኛች። "ኧረ አይሆንም" ብላት፣ "እኔ በጎቹ ያሞቁኛል፤ አንተን ማን ያሞቅሃል?" አለችኝ። የኛ ከተማ እንግዳ ተቀባይነት ምንጣፍና ትራስ አለው፤ የዚች ሴት ግን ሌላ ነው። 

ረቡዕ የቧሂት ተራራን ጫፍ ስንሻገር መሬቱ ውርጭ ነበረ። በቅሎዋ አዳለጣትና እኔ ወደቅሁ፤ ጅብራ ከሚሉት የደጋ ተክል ሥር ተንከባልዬ ቆምሁ። አያ ቢያድግ እየሮጠ መጥቶ ሲያነሣኝ ደብተሬን በሁለት እጄ አቅፌዋለሁ። "ምነው መምህር፣ ከራስህ ይልቅ ወረቀቱን አዳንኸው?" አለኝ። የሰው እውቀት የተጻፈበት ነው አልሁት። ሽማግሌው ወደ ገደሉ አየና፣ "በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ" ብሎ ሳቀ። ስለ በቅሎዋ አረማመድ ነበር የተናገረው። ማታ መካነ ብርሃን ገባን።

ሐሙስ

ጣቢያው ከመካነ ብርሃን የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። አስተማሪው ዓለሙ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ለማስተማር የዘመተ የአዘዞ ልጅ ነው፤ የከተማ ሰው በማየቱ ደስ ብሎት ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። ሠላሳ የሚሆኑ ገበሬዎች ከነሚስቶቻቸው በገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ ተሰብስበው ነበር። ዓለሙ መጽሐፋቸውን አስገለጠና "አንብቡ" አላቸው። እንደ አንድ ሰው አነበነቡት፤ አንድም የተደናቀፈ የለም። ዓለሙ በኩራት አየኝ። እኔ ግን ከፊት የተቀመጠው ሽማግሌ መጽሐፉን ገልብጦ እንደያዘ አየሁ።

"አባቴ፣ መጽሐፉ ተገልብጧል" አልሁ።

"ይገልበጥ! ቃሉን ይዤዋለሁ፤ ወረቀቱ ምን ያደርግልኛል?" አለኝ።

ልክ ነው፤ በዚህ አገር ትምህርት ማለት ከጥንትም ከመምህር አፍ ተቀብሎ በቃል መያዝ ነው። ስድስት ወር ሙሉ ዓለሙ ሲያነብ እነሱ ዜማውን ይዘውለታል። ዓለሙ ፊቱ ጠቆረ። ይኸውልህ፣ አሁን ስለታየ ገና ይቃናል፣ በመጨረሻው ፈተና ቢሆን ግን አልፎ ነበር አልሁት። ያን ጊዜ ሥራዬን እንደወደድሁት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ወድጄው አላውቅም።

ካርቶኖቼን አውጥቼ አንድ በአንድ ጠራኋቸው፤ ለእያንዳንዱ ሃያ ጥያቄ። ሽማግሌው አሥር ያህል አገኘ፤ ያው በግምት ነው። የሺ የምትባል ሴት አሥራ አራት አገኘች፤ ባገኘች ቁጥር አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትስቃለች። ገና ናት፣ ግን መንገድ ጀምራለች ብዬ ጻፍሁ። ቀጥሎ ባሏ ደሳለኝ መጣ፤ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ዝምተኛ፣ ዓይኑ ፈጣን ሰው ነው። ዓለሙ በጆሮዬ፣ "እሱን ይተዉት፤ ከሁሉም የባሰ ነው" አለኝ።

ደሳለኝ የመጀመሪያውን ሳተ። ሁለተኛውንም። ሃያውንም ሳተ።

ሃያውንም! ዓይኑን የታሰረ ሰው እንኳ ከሁለት አንዱን ሲነካ አንዳንዴ ይገጥመዋል። ሁሉንም ለመሳት ሁሉንም ማወቅ ያስፈልጋል። ልቤ በደስታ መታ። ካርቶኖቹን ሰብስቤ በደብተሬ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ "ደሳለኝ በሚገባ ያነባል። ሆን ብሎ ነው የሚሳሳተው። ከጣቢያው ሁሉ ይበልጣል።" ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርሁበት። ለምን እንደሚደብቅ ራሱን እጠይቀዋለሁ ብዬ ነገሩን ለነገ አቆየሁት። ተቆጣጣሪ የጎበኘበትን ደብተር የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አይቶ ማኅተም እንዲያሳርፍበት ደንብ ስለሆነ፣ ከሰዓት በኋላ ደብተሬን ጽሕፈት ቤቱ አስረክቤ ወጣሁ።

ማኅበሩ ለእንግድነት የመደበኝ ደሳለኝ ቤት ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረስን። የሺ የእኔን ነገር ከአያ ቢያድግ ሰምታ ኖሮ፣ ዶሮና ቢላዋ ይዛ ወጣችና በአክብሮት ሰጠችኝ። "እኛ ብናርደው እርስዎ አይበሉትም፤ እርስዎ ይረዱት" አለችኝ።

"እኔ ካረድሁት እናንተስ?"

"እኛማ አንበላውም። ለእርስዎ ነው።"

ባልና ሚስቱ የማይቀምሱትን ዶሮ ለእኔ ብቻ ሠሩት፤ ያውም ጎረቤት ሄደው በተዋሱት አዲስ ድስት፣ ሥጋቸው ያልነካው እንዲሆን። እነሱ የገብስ ቂጣ በሽሮ በሉ። እኔ ከዶሮው ጋር ብቻዬን ቀረሁ። "አፈር ስሆን፣ ይጨምሩ" ትለኛለች የሺ። ጎንደር ውስጥ ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጋር ስንት ዘመን ስንኖር እንዲህ ያለ ነገር ማንም አድርጎልኝ አያውቅም። ደሳለኝ ከቂጣው ቀና እያለ ያየኝ ነበር።

ዓርብ

ጠዋት በረቱ አጠገብ ስንቆም ጠየቅሁት። "ደሳለኝ፣ አንተ ታነባለህ። ምነው ትደብቃለህ?"

ዙሪያውን አይቶ፣ "ያለፈው ዙር ሲያልቅ ሸጋ አድርገው ያነበቡ ሦስት ሰዎች ነበሩ" አለኝ። "ጦሩ ጽሑፍ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል ተብሎ ሦስቱም ሄዱ። አንዱ ታላቅ ወንድሜ ነው። ወሬውም የለ። ከትምህርቱ እንዳልቀር፣ የቀረ ሰው ከማኅበሩ ሱቅ ጨው አያገኝም። እመጣለሁ፣ እሳሳታለሁ። ለየሺ እንኳ አልነገርኋት። እርስዎ በአንድ ቀን በምን አወቁብኝ?"

አላህ ይቅር ይበለኝ፤ በዚያ ሰዓት እንኳ ኮራሁ። "ሁሉንም ስለ ሳትህ ነዋ! የማያውቅ ሰው ግማሹን ያገኝ ነበር" አልሁት።

ራሱን ነቅንቆ ሳቀ። "ለካ ጥቂቱን ማግኘት ነበረብኝ። እንግዲህ ለሚቀጥለው አውቄዋለሁ።" ሳቁ ሳያልቅ ፊቱ ተለወጠ። "መምህር፣ ደብተሩ የት አለ?"

ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሮጥሁ።

ሊቀመንበሩ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ አገኘሁት። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ገበሬ ነው፤ እሱም ፊደል የለየው በመሠረተ ትምህርት ነው። ጣቱን ከመስመሩ ሥር አድርጎ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ የእኔን ጽሑፍ ሌላ ወረቀት ላይ ይገለብጥ ነበር። "በ-ሚ-ገ-ባ ያ-ነ-ባ-ል" አለ፤ ቀና ብሎም አየኝ። "ጓድ ተቆጣጣሪ፣ ከችግር አወጡኝ። ነገ አምስት ሰው ላክ፣ አንዱ ጽሑፍ የሚያውቅ ይሁን ተብያለሁ። አራቱን በዕጣ አወጣሁ። አንድ ይጎድለኝ ነበር።"

"ተሳስቼ ነው። ሰውየው አያነብም" አልሁ።

"ሁለት ጊዜ አስምረውበታል።"

"ተሳስቻለሁ አልሁ እኮ!"

አልተቆጣኝም። ሳጥኑን ከፍቶ ነጭ ወረቀት አወጣና ከብዕሩ ጋር ወደ እኔ ገፋው። "እንግዲያው፣ 'በመንግሥት ደብተር ላይ ሐሰት ጽፌአለሁ' ብለው ይፈርሙልኝ። እኔም ለላኩኝ አሳያለሁ። ባለፈው የእኅቴን ልጅ ነው የላክሁት፤ እኅቴ እስከ ዛሬ ሰላም አትለኝም። ዘንድሮ ጣቴን የምቀስርበት ሰው ሳጣ እርስዎ ቀሰሩልኝ። ካልሆነ ግን ይፈርሙ።"

ብዕሩን አነሣሁ። እንዲህ ያለ ወረቀት የፈረመ ሰው ምን እንደሚባልና ወዴት እንደሚወሰድ አውቃለሁ። እናቴን አሰብሁ፤ ልጆቼን አሰብሁ። ቀለሙ ብዕሩ ጫፍ ላይ እስኪደርቅ ይዤው ቆየሁ። ከዚያ አስቀመጥሁት። ሊቀመንበሩ ማኅተሙን ተፍ ብሎበት ደብተሬ ላይ አሳረፈና በሁለት እጁ መለሰልኝ። ፈሪ ነኝ። ሌላ ቃል ፈልጌለት ነበር፤ አላገኘሁም።

ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ

መንገዱ አንድ ስለሆነ አብረን ተነሣን፤ አምስቱ ሰዎች፣ ጠመንጃ የያዙ ሁለት የማኅበሩ ጠባቂዎች፣ አያ ቢያድግና እኔ። የሺ ሁለት ስንቅ ቋጥራ መጣች። አንዱን ለባሏ ሰጠች። ሁለተኛውን ለእኔ ዘረጋችልኝ። "በሶ ነው፤ ዕቃውን ሥጋ አልነካውም፣ አይሥጉ" አለችኝ። ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር። አልረገመችኝም። ምናልባት ደሳለኝ ማን እንዳደረገው አልነገራትም፤ ወይም ነግሯት እንግዳ ስለሆንሁ ትታው ይሆናል። እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

አቀበቱ ሲጀምር ከበቅሎዬ ወርጄ ደሳለኝን እንዲቀመጥባት ብለምነው፣ "በበቅሎ የዘመተ የድሃ ልጅ አይተው ያውቃሉ?" ብሎ አለፈኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ሌላ ቃል አልተናገረኝም። በሶዬን አልበላሁትም፤ ለአያ ቢያድግ ሰጠሁት። ሽማግሌው ሁሉን ሰምቶ ስለነበር እሱም አልቀመሰውም፤ ለበቅሎዋ ሰጣት። ቧሂት ላይ ስንወጣ ከመጣሁበት ቀን የበለጠ የጠራ ሰማይ ነበረ፤ አገሩ እስከ ሩቅ ይታያል። ምንም አላስደሰተኝም።

ሰኞ ጠዋት ደባርቅ ስንገባ ደሳለኝ ድንገት አፉን ከፈተ። የሻይ ቤቱን ሰሌዳ ጮክ ብሎ አነበበ። የልብስ ሰፊውን አነበበ። ግድግዳ ላይ የተጻፈውን "ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር" አንድም ሳይደናቀፍ አነበበው። የጨው ጆንያ፣ የላምባ በርሜል፣ የማኪና በር፣ የተጻፈበትን ሁሉ ያነባል። ባልንጀሮቹ አፋቸውን ከፍተው ያዩታል፤ አንዱም፣ "አንተ ሰውዬ፣ ይህን ሁሉ የት ደብቀኸው ኖርህ?" አለው። ማኪና ላይ ወጥተን ጎንደር እስክንደርስ ድረስ ዳባትንም አምባ ጊዮርጊስንም እንዲሁ እያነበበ አለፈ። ድምፁ ጥሩ ነበር፤ በሕይወቴ ካየኋቸው ጎልማሳ ተማሪዎች ሁሉ የተሻለ አንባቢ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ወደ እኔ ዞረና፣ "ይጻፉት እንጂ፣ መምህር" አለኝ።

ፒያሳ ላይ እኔ ወረድሁ፤ ማኪናው ወደ አዘዞ ጦር ሰፈር ይቀጥላል። ደሳለኝ ከላይ ጎንበስ ብሎ እጄን ያዘኝ። ንዴቱ አልፎ ነበር፤ ይህም ባሰብኝ።

"የሺን አደራ" አለኝ። "ቶሎ ታንብብ። የምጽፍላትን የሚያነብላት ሰው ማን ቀረ?"

"እሺ፣ አስተምራታለሁ" አልሁት። ማኪናው ሄደ።

ሐሙስ፣ ቢሮ

በሪፖርቴ የሁለቱን ካርቶን ብልሃት ሳልጽፈው ተውሁት። ደብተሩ ላይ ያለውን ገጽም ቀደድሁት። አለቃዬ ግን ሲጠራኝ ሊቀመንበሩ የገለበጠው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ጠባቂዎቹ አምጥተውታል። ተነሥቶ ጨበጠኝ።

"ኑሩ፣ እስከ ዛሬ በደብተርህ ስንስቅ ኖረናል፤ ይቅርታ" አለኝ። "በየጣቢያው እያወቀ የሚደብቅ ሞልቷል። ይህን አስተዋይነትህን ሌሎቹም ይማሩት። ተቆጣጣሪዎቹን ሰብስብና አሳያቸው።"

ወደ ጃናሞራ ተመልሼ ልሂድ ብዬ ለመንሁት። "አንተ እዚህ ታስፈልጋለህ፤ ጃናሞራ ሌላ ሰው ይሄዳል" አለኝ።

"እሺ" አልሁ።

በማግስቱ ሦስት ተቆጣጣሪዎችን ሰበሰብሁ። ካርቶን ቆርጬ ሁለት ሁለቱን እንዴት እንደሚይዙ አሳየኋቸው። ሁሉንም የሳተ ሰው ሁሉንም ያውቃል አልኋቸው። ጽፈው ያዙት። ከሦስቱ አንዱ ጃናሞራ የደረሰው ነበር፤ ትሑት ሰው ነው፤ ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ፣ "እዚያ የጀመርኸው፣ እንድከታተልልህ የምትፈልገው ተማሪ አለ?" ብሎ ጠየቀኝ። ብዕሩን አውጥቶ ስሙን ሊጽፍ ይጠብቀኛል።

የሺ አፌ ላይ ደረሰች። ሴት እንደማይወስዱ አውቃለሁ። ግን የሰው ስም ለደብተር መስጠት ፈራሁ።

"የለም" አልሁት።